ማን ይዘዝልን?

ሜልበርን ከተማ መሃል «ዘመናዊ የእስያ ምግብ» የሚል ሬስቶራንት ገብታችሁ ከተቀመጣችሁ፣ ገና ውሃ ሳይቀዳ የምትሰሙት ነገር አለ። «ከዚህ በፊት እኛ ጋ መጥታችሁ ታውቃላችሁ?» ትላለች አስተናጋጇ። ቀጥላ «ምግቦቻችን በሙሉ ለመካፈል የተዘጋጁ ናቸው። ለአንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ሳህን አስቡ። ምግቡ እንደደረሰ እንደደረሰ እናመጣለን» ትላለች። ከዚያ ሜኑውን አድላ ትሄዳለች።

አብሮ መብላትን ለሐበሻ ማስተማር አያስፈልግም። ግን ሐበሻውም ፈረንጁም በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ሲያደርግ አያለሁ። ስድስት ሰው ስድስት ሜኑ ይይዛል። ሁሉም አማረኝ ያለውን አንድ አንድ ሳህን ይጠራል። ሳህኑ ሲመጣ ያዘዘው ሰው ወደ ራሱ ሳብ ያደርገዋል። ሌላው አንገቱን አስግጎ «ትንሽ ልቅመስልህ?» ይላል። ይሄ መቀማመስ ነው። መካፈል ሌላ ነው።

እኔ አጥብቄ የማምነው መካፈል የሚጀምረው ሲታዘዝ ነው ብዬ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰው የሁሉንም ሆድ፣ የሁሉንም ጾም፣ የሁሉንም ኪስ አስቦ ማዘዝ አለበት። በእኛ ቤት ይህን የምትሠራው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ማን እንደጾመ፣ ማን ጨጓራውን እንደሚያመው፣ ማን ቃሪያ እንደማይችል ሳይነገራት ታውቃለች። በቻይናውም፣ በቬትናሙም፣ በታይላንዱም ቤት እንዲህ የምታስብ እናት ወይም አያት አለች። ዘመናዊው ሬስቶራንት ሳህኖቹን ከእነዚያ ቤቶች ወሰደ። የእናትየውን ሥራ ግን ለእኛው ተወልን። ማንም ካልያዘው ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው ብዙ ሳህን ብቻ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ቻይናውያን ሜልበርን ወዳለችበት ወደ ቪክቶሪያ ግዛት በብዛት የመጡት በ1850ዎቹ፣ ወርቅ በተገኘ ጊዜ ነው። ሜልበርን መሃል ሊትል በርክ ስትሪት ላይ ያለው የቻይናዎች ሠፈር ከዚያ ዘመን ጀምሮ እዚያው አለ። በ1901 አውስትራሊያ ነጭ ያልሆነ ስደተኛ እንዳይገባ የሚያግድ ሕግ አወጣች። ያ ፖሊሲ ጨርሶ የተነሣው በ1973 ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን በኮሙኒስቶች እጅ ስትወድቅ የቬትናም ስደተኞች መምጣት ጀመሩ። ሪችመንድ፣ ስፕሪንግቬልና ፉትስክሬይ በሚባሉ የሜልበርን ሠፈሮች ሰፈሩ። ብዙዎቹ በፋብሪካ፣ በልብስ ስፌትና በምግብ ቤት ሥራ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት።

ፉትስክሬይን ለይቼ የማነሣው የእኛም ሠፈር ስለሆነ ነው። የቬትናሞቹ የፎ (የኑድል ሾርባ) ቤትና የሐበሻ ምግብ ቤት እዚያ ጎረቤት ናቸው። ከባቡር ጣቢያው ወጥታችሁ ትንሽ ስትራመዱ አንዱ በር ላይ የሚቆላ ቡና፣ ሌላው በር ላይ ሌሊቱን ሲፈላ ያደረ የአጥንት መረቅ ይሸታችኋል። እኔ ስለ እስያ ምግብ የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት እዚያ ነው።

መሃል ከተማ ያሉት ቤቶች ሌላ ናቸው። ብዙዎቹን ያቆሙት በምዕራብ ወጥ ቤት የሠለጠኑ ሼፎች ናቸው። የታይላንድን፣ የቻይናን፣ የጃፓንን፣ የኮሪያን ጣዕም አንድ ሜኑ ላይ አምጥተው፣ በደብዛዛ መብራትና በሞቀ ሙዚቃ ያቀርባሉ። ሎንግሬን የሚባለው ምግብ ቤት በ1999 ሲድኒ ላይ ሲከፈት ትልልቅ የጋራ ጠረጴዛዎች ነበሩት፤ በኋላ ሜልበርንም መጣ። ቺን ቺን በ2011 ሜልበርን ፍሊንደርስ ሌን ላይ ተከፈተ። ቦታ አስቀድሞ መያዝ አልነበረም፤ ቀድሞ የተሰለፈ ቀድሞ ይገባል። ሱፐርኖርማል በ2014 እዚያው ጎዳና ላይ ተከተለ። ዛሬ ከተማው በእነዚህ ዓይነት ቤቶች ተሞልቷል።

ምግባቸውን እወደዋለሁ። ቺን ቺን ከታወቀባቸው ሳህኖች አንዱ ጥሬ ኪንግፊሽ ነው፤ በሎሚ፣ በቃሪያ፣ በኮኮናትና በታይ በሶብላ የሚቀርብ። ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ የምንበላ ሰዎች ጥሬ ዓሣ ሲቀርብልን ፊታችንን እናጨማድዳለን። ቅመሱት እላለሁ። አሲዱ፣ የቃሪያው ቃጠሎና የበሶብላው ሽታ አንድ ላይ ሲመጡ የሚያስጮህ ነው።

ግን ከመሃል የጠፋ ነገር አለ። ሩዝ።

ሜኑው መጨረሻ ላይ፣ ከጎን ማባያዎች መሃል፣ የራሱ ዋጋ ተለጥፎበት ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው አያዝዘውም። «ሩዝ ሆድ ይሞላል፤ ሩዝ ለመብላት ነው እንዴ የመጣነው?» ይባላል። በብዙው የእስያ ቤት ግን ገበታው በሩዙ ነው የሚጀምረው። ሌላው ሁሉ ሩዙን የሚያስበላ ነው። የዓሣ ሶሱ ጨው፣ የከሪው ቃጠሎ፣ በስኳርና በሶይ ሶስ የተቀቀለው ሥጋ ጣፋጭነት፣ ሁሉም የተመጠነው አብሮት ብዙ ሩዝ ይበላል ተብሎ ነው። ያለ ሩዝ መብላት ዶሮ ወጥን ያለ እንጀራ በማንኪያ እንደመጨረስ ነው። ሦስተኛው ሳህን ላይ ምላስ ይደክማል፣ ጥም ይነሣል፣ ሆድ ግን አልጠገበም። ስለዚህ ሌላ ሳህን ይታዘዛል፤ ሌላ መጠጥ ይታዘዛል። ሒሳቡ ሲመጣ ሁሉም «ምን በላን?» ይባባላል።

እኔ ሳዝ መጀመሪያ የምጠራው ሩዝ ነው። «ከመጀመሪያው ሳህን ጋር ይምጣልን» ብዬ እጨምራለሁ፤ ካልተባለ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ቾፕስቲክ የማትችሉም አትሳቀቁ። ታይላንዶች ራሳቸው ሩዝና ከሪ የሚበሉት በማንኪያና በሹካ ነው። ሹካው ምግቡን ወደ ማንኪያው ይገፋል፤ አፍ የሚገባው ማንኪያው ነው። ቾፕስቲክ የሚያነሡት በአብዛኛው ኑድል ሲሆን ነው። ላኦሶችና የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ሰዎች ደግሞ የሚያጣብቀውን ሩዝ በእጃቸው ቆንጥረው፣ ድብልብል አድርገው፣ ማባያው ውስጥ ያጠቅሳሉ። እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ።

የቁጥሩም ነገር አለ። ዳምፕሊንግ፣ ያ በሊጥ የተጠቀለለው ሥጋ ወይም አትክልት፣ አራት ሆኖ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ አምስት ሰው አለ። አሁን አምስት ትልልቅ ሰዎች አራት ፍሬ ላይ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ታያላችሁ። አንዱ «እኔ ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ» ይላል። አልጠገበም። ስታዝዙ «አምስት ነን፣ አንድ ፍሬ ጨምሩልን» በሉ። ብዙ ቤቶች በፍሬ አስልተው ይጨምራሉ። ይህን መጠየቅ ያለበት የሚያዝዘው ሰው ነው፤ ያኛው «ጠግቤያለሁ» ሳይል በፊት።

ሌላ የምጠይቀው ነገር ማውጫ ማንኪያ ነው። በየሳህኑ አንድ አንድ። ይህ ፈረንጅ ያመጣው ንጽሕና የሚመስላቸው አሉ። ታሪኩ ሌላ ነው። ዉ ሊየን ተህ የሚባል ሐኪም ነበር፤ በ1879 ፔናንግ (ዛሬ ማሌዥያ) ተወልዶ ካምብሪጅ የተማረ። በ1910 እና በ1911 ክረምት በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ ማንቹሪያ ውስጥ፣ የሳንባ ቸነፈር ሲነሣ ቻይና የላከችው እሱን ነው። ሰዎች ከጨርቅ የተሠራ ጭምብል እንዲያደርጉ ያሳመነው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያሰበው ስለ ማዕድ ነበር። ሁሉም በየራሱ ቾፕስቲክ ከአንድ ሳህን ሲያወጣ የሳንባ ነቀርሳ ይተላለፋል ብሎ ሰጋ። በ1915 ያቀረበው መላ የሚሽከረከር ትሪ ነው። ምግቡ ትሪው ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ሳህን የራሱ ማውጫ ይኖረዋል፤ ትሪው ይዞራል።

ይህን ሰው የምወደው ስለዚህ ነው። ሞት በብዛት ያየ ሐኪም ነው። «ከእንግዲህ እያንዳንዱ በየሳህኑ ይብላ» ማለት ይቀለው ነበር። አላለም። አብሮ መብላቱ ይቅር አላለም፤ እንዲቀጥል መሣሪያውን አስተካከለ። ዛሬ የቻይና ምግብ ቤት ስትገቡ የምታዩት ክብ ተሽከርካሪ ጠረጴዛ ከዚህ ሐሳብ ጋር ዝምድና አለው። ዘመናዊዎቹ ቤቶች ደግሞ አራት ማዕዘን ጠባብ ጠረጴዛ ይመርጣሉ። ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ምግቡ አይደርሰውም። ሰው ከበዛ ክብ ጠረጴዛ ካለ ጠይቁ። ከሌለም ትልቁን ሰው ወይም እንግዳውን መሃል አስቀምጡት፤ ጫፍ ላይ እናንተ ሁኑ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ጾም።

ሐበሻ ሆኖ ለቡድን ማዘዝ ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ጴንጤ ይቀመጣል። የአሳማ ሥጋ አብዛኛው ሐበሻ አይነካም፤ የእነዚህ ቤቶች ሜኑ ላይ ደግሞ አሳማ ይበዛል። ሽሪምፕም ክንፍና ቅርፊት የለውም ብሎ የሚተወው ብዙ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ሁዳዴ ከገባ፣ ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ በሙሉ ይወጣል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ታውቁታላችሁ፤ እኔ እዚህ አልፈታውም። የሚያዝዘው ሰው መጠየቅ ያለበት ግን የጓደኛው ልማድ ምን እንደሆነ ነው።

አስተናጋጇ «አትክልት ብቻ የሆኑት እነዚህ ናቸው» ብላ ሁለት ሦስት ሳህን ታሳያለች። በዚህ አትርኩ። ሥጋ የሌለበት ሳህን ውስጥ የሚደበቁ ነገሮች አሉ። አንደኛው የዓሣ ሶስ ነው፤ ትንንሽ ዓሦች በጨው ለወራት ተቀምጠው የሚወጣ ፈሳሽ። የታይና የቬትናም ወጥ ቤት ውስጥ የጨውን ቦታ የያዘ ነው። ሁለተኛው የሽሪምፕ ድቁስ ነው። የታይ ከሪ ቅመም ውስጥ ተደልዞ ስለሚቀመጥ በኋላ ማውጣት አይቻልም። የአትክልት ከሪ ነው ተብሎ የሚመጣው ይህ ሊኖርበት ይችላል። ሦስተኛው ኦይስተር ከሚባል የባሕር እንስሳ የሚሠራው ኦይስተር ሶስ ነው፤ ያ የሚያብረቀርቀው አረንጓዴ ጎመን ላይ የሚፈስሰው። ሙስሊም ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ሥጋው ሃላል መሆኑን ብቻ ጠይቆ መተው አይበቃም፤ በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ ላይ የሩዝ ወይን ሊጨመር ይችላል። ዓሣው ራሱ ምንም ችግር የለበትም። ወይኑ ነው።

ይህን ሁሉ መጠየቅ ያሳፍራቸዋል ብዙዎች። «አታስቸግሪያቸው፣ እኔ ሩዝ እበላለሁ» የሚል ጓደኛ አለ። ይሉኝታ ይዞት ነው እንጂ ሩዝ ብቻ መብላት ፈልጎ አይደለም። አስተናጋጆቹ ስለ አለርጂ መጠየቅ የዕለት ሥራቸው ነው፤ አይደንቃቸውም። የሚያዝዘው ሰው ሲጠይቅ ሌላው ከማፈር ይድናል። የእናት ሥራ ያልኩት ይህን ነው።

አክስቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ወሰድናት። ረቡዕ ነበር። እሷ በጾም ዓሣ አትበላም። አብረውን ወንድሜ፣ አንዲት ሙስሊም ጓደኛዬና ፉትስክሬይ ያደገች የቬትናም ልጅ የሆነች የሥራ ባልደረባዬ ነበሩ። ማታውን ቀደም ብዬ ደውዬ ስለ ከሪው ጠይቄ ነበር። ስልኩን ያነሣው ልጅ ወጥ ቤት ገብቶ ጠይቆ መጣ። «ቀዩም አረንጓዴውም ሽሪምፕ አለበት፤ አስቀድሞ ስለሚደለዝ ልናወጣው አንችልም» አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ አመሰገንኩት።

ስለዚህ ያዘዝኩት እንዲህ ነበር። ሩዝ ለሁሉም። ሮቲ የሚባለው ቂጣ፣ በዘይት የተጋገረ። በጥቁር ኮምጣጤና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ደበርጃን። ጥርት ብሎ የተጠበሰ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ) በቃሪያና በጨው። አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል፣ ያለ ኦይስተር ሶስ። የቶፉ ሾርባ በጠጅ ሣር። ለሚበሉት ደግሞ አንድ ሙሉ ዓሣ፣ ተጠብሶ በሮቃ ሶስ የተለወሰ፤ የሩዝ ወይን የሌለበት። ከዓሣው በቀር ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ለአክስቴ የሚሆን ነበር። ዓሣው በወንድሜ በኩል ይቀመጥ አልኩ፣ የእሱ ማውጫ ከሌላው እንዳይቀላቀል።

ሾርባው ሲመጣ አክስቴ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። «ጠጅ ሣር!» አለች። «ይሄን እኮ እኛ ቅቤ ማንጠሪያ ነው የምናደርገው።» ባልደረባዬ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከዚያ በሶብላውን፣ ዝንጅብሉን፣ እርዱን፣ ድንብላሉን እያነሡ፣ እኔ መሃል ሆኜ እያስተረጎምኩ፣ ሁለቱ ጓዳቸውን ሲያስተያዩ ምግቡ ቆመ።

አክስቴ ትንሽ ቆይታ «ሳህኑ የማን ነው?» አለችኝ በአማርኛ።

«የሁላችንም ነው።»

«ታዲያ ምነው ከጫፉ ፈሩት?»

እውነት ነበር። ሁሉም ሌላው ይጀምር እያለ ነበር። ባልደረባዬ ይህን ሳትነገራት ገባት። በእነሱ ቤት፣ በተለይ ከሰሜን ቬትናም የመጡ ሰዎች ዘንድ፣ ትንሹ ልጅ ከመብላቱ በፊት ታላላቆቹን በየተራ እየጠራ ይጋብዛል። ማውጫ ማንኪያውን አነሣች። ዓሣው ጉንጭ ላይ ያለችውን ለስላሳ ሥጋ፣ የተከበረችውን ቁራሽ፣ ፈልቅቃ ወደ አክስቴ ሳህን ስትዘረጋ እጇ መሃል ላይ ቆመ። «ይቅርታ፣ ጾም ናት» አለችና ለሙስሊሟ ጓደኛዬ ሰጠቻት። ከዚያ በሌላ ማንኪያ ቶፉውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ በጣም ጥርት ብላ የተጠበሰችውን መርጣ አክስቴ ሳህን ላይ አኖረች።

«እናቴም ትጾማለች» አለች። «በጨረቃ አቆጣጠር በወሩ መጀመሪያና በአሥራ አምስተኛው ቀን ሥጋም ዓሣም አትበላም። ቤተ መቅደስ ያሉት መነኮሳት ደግሞ ነጭ ሽንኩርት እንኳን አይነኩም።»

ተረጎምኩላት። አክስቴ ዓይኗን አፈጠጠች። «ነጭ ሽንኩርትም? እንግዲያው ከእኛ ይበረታሉ!» ብላ ሮቲውን ቆረሰች፣ ደበርጃኑን በደንብ ጠቀለለችበትና ወደ ባልደረባዬ አፍ ዘረጋች። ያቺም ሳታመነታ ከፈተች። በአንድ አይሆንም ብላ ደገመቻት። ሙስሊሟ ጓደኛዬ «እትዬ፣ እኔስ?» አለች። ከዚያ በኋላ የቀረው ራት በአብዛኛው በእጅ ተበላ።

ያ ማታ ምግቡ እጅግ ጥሩ ስለነበር ብቻ አይደለም ያማረው። ምግቡ ጥሩ ነበር፤ ደበርጃኑን አሁንም አስታውሰዋለሁ። ማዕዱ ያማረው ማንም ሰው «ይሄ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ሳይሳቀቅ እጁን መስደድ ስለቻለ ነው። አክስቴ ለብቻዋ የጾም ሳህን ቢቀርብላት ኖሮ እንግዳ ትሆን ነበር። እኛ ወደ እሷ ስለመጣን ቤተኛ ሆነች።

በሌላ ቀን፣ ስሙን በማልጠራው ሌላ ቤት፣ ያዘንኩበት ነገር ደግሞ አለ። አስተናጋጆቹ ሳህን ለማንሣት ይቸኩሉ ነበር። እያንዳንዱ ሳህን ላይ የመጨረሻዋ ቁራሽ ትቀራለች፤ ይህን ሐበሻም ያውቀዋል፣ ቻይናም ያውቀዋል፣ ጃፓንም ያውቀዋል። ሁሉም ለሌላው ትቶ ነው። ያቺ ቁራሽ ለመነሣት ግብዣ ትጠብቃለች። «አንተ ውሰዳት»፣ «ኧረ አንቺ» የሚባልባት ናት። አስተናጋጁ ግን ያለቀ መስሎት አንሥቶ ሄደ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠረጴዛውን ልቀቁ መባላችንም ነበር። ለተረኛው ቦታ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ የከተማ ኪራይ ውድ ነው። ግን ለመካፈል የተዘጋጀ ምግብ ነው ካላችሁ ለመካፈል የሚበቃ ጊዜም ስጡን። ጊዜው ካልተሰጠ ግለሰቡ የየራሱን ቶሎ ቶሎ በልቶ ቢሄድ ይሻለዋል።

ወጥ ቤቱ ራሱ መርጦ የሚያቀርብበት የተወሰነ ዋጋ ያለው ሜኑም አለ። ቺን ቺን ይህን አስለምዷል፤ አሁን ሰው ሲበዛ ብዙ ቤቶች ይህንኑ ግዴታ ያደርጉታል። ሁሉንም የሚበሉ ጓደኛሞች ከሆናችሁ ጥሩ ነው፤ ከጣጣ ያድናል። ጾመኛ ወይም ሃላል የሚጠይቅ ካለ ግን ለእሱ ብቻ ሌላ ሳህን ይመጣለታል። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ብቻውን ይበላል። ለእንደኛ ዓይነቱ ስብስብ እኔ አልመርጠውም።

ማሳማን ከሪ የሚባለውን ግን ጾም ባልሆነ ቀን እንዳያመልጣችሁ። ታይላንድ ውስጥ ከሙስሊሞች ጋር የተያያዘ ምግብ ስለሆነ በባህሉ አሳማ አይገባበትም፤ በበሬ፣ በበግ ወይም በዶሮ ይሠራል። ውስጡ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ከሙን፣ ለውዝና ድንች አለ። ኮኮናቱ ካልሆነ በቀር የእኛን ጓዳ ሽታ የሚያስታውስ ነው። ሥጋው ከየት እንደመጣና ሽሪምፕ እንዳለበት ጠይቃችሁ እዘዙ። አረጋውያንን ይዛችሁ ከመጣችሁ ከዚህ ጀምሩ፤ አያቃጥልም፣ ድንቹም ያጽናናል።

ሒሳቡን ሳላነሣ አልጨርስም፤ ብዙ ማዕድ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። እሑድ ከሆነ አሥር በመቶ፣ የበዓል ቀን ከሆነ አሥራ አምስት በመቶ ጭማሪ የሚያስከፍሉ ቤቶች ብዙ ናቸው። ሜኑው ግርጌ ላይ በትንሹ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ለአስተናጋጅ ጉርሻ (ቲፕ) መስጠት በአውስትራሊያ ግዴታ አይደለም። ገንዘቡ ጠበቅ ካለባችሁ ፉትስክሬይ ውስጥ ያሉት የቬትናም ቤቶች በግማሽ ዋጋ ያጠግቧችኋል፤ መጠጡንም ይዛችሁ እንድትገቡ የሚፈቅዱ አሉ።

እኔ የምይዘው ደንብ ይህ ነው። ምግቡ ለሁሉም እኩል ይከፈላል፤ ማን ስንት ቁራሽ እንደበላ አይቆጠርም። መጠጡ ግን ተለይቶ ይወጣል፤ ያልጠጣ ሰው ኮክቴል አይከፍልም። ጾመኛ ካለ የዓሣውና የሥጋው ሳህን ከእሱ ድርሻ ይቀነሳል። ተማሪ ወይም ገና ሥራ ያልያዘ አዲስ ስደተኛ አብሮን ካለ እሱ አይከፍልም፤ ይህ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አይነገርም። ሲታዘዝ ለሚያዝዘው ሰው በጆሮው ሹክ ይባላል፣ እሱም ውድ ሳህን ሳይጠራ ያልፋል። «ሒሳብ በእኔ» የሚል ታላቅ ሰው ከተነሣ ግን ሁለት ጊዜ እምቢ በሉ፣ በሦስተኛው ተቀበሉ፤ የሚቀጥለው ተራ የማን እንደሆነም እዚያው ወስኑ።